ሹራቡ ለማን ነው?

ጥቅምት 4

ለጣት አይበቃሽ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔና ትንሿ ልጄ ደህና ነን። የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ ቁርጥ እናታችንን ሆናለች።

ስልክ ለምን አታነሺም ብለሽ ተቆጥተሻል። አትቆጪ። ስልኩ የእኔ ይባላል እንጂ ጌታው ሌላ ነው። ባለቤቴ ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ እሱን ያነሣል። ማን ደወለ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ፈልጎ። የመጋዘን ኃላፊ አይደል፣ የገባና የወጣ ሳያመሳክር እንቅልፍ አይወስደውም። የቤቱን ስኳርና ክብሪት ሳይቀር እንደዚያው ነው የሚይዘው። ደብዳቤ ግን ዛሬም የሚጽፍ ሰው አለ ብሎ አያስብም። ስለዚህ በዚህ እንጻጻፍ። በባለሱቋ ስም ላኪልኝ፣ እሷ ከክሩ ጋር አድርጋ ታቀብለኛለች። እኔም አንብቤ ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ አትቀየሚኝ።

«አሁንም ትሠሪያለሽ?» ላልሽው፣ አዎ። ባለሱቋ ክር ትሰጠኛለች፣ እኔ የተማሪ ሹራብ እሠራለሁ፣ እሷ ትሸጣለች፣ ድርሻዬን እሷው ትይዝልኛለች። ደግሞ ተደብቄ እንዳይመስልሽ፤ ዓይኑ ሥር ነው የምሠራው። እሱ ቴሌቪዥኑን፣ እኔ ሁለቱን መርፌዎቼን። «አይ መጫወቻ! ሥራ ስታጪ» ይለኛል። «እጄ እንዳይሰንፍ ብዬ ነው» እለዋለሁ። ሲወጣ ያለቀውን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ሱቅ። ለምን እንደማጠራቅም አንቺ ታውቂያለሽ፣ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

አንቺስ? ሌሎች ሲሠሩ እየቆጠረ ደመወዝ የሚበላ ሰው አንቺን ብቻ ነው የማውቀው። እስኪ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አንድ ቀን አስረጂኝ።

እህትሽ

ጥቅምት 15

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝና ጎረቤቴ ያለችው የቢሮ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ጣት አይበቃሽ ያለኝ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ! ልጅ ሆኜ የራሴ ጣቶች ሲያልቁብኝ ያንቺን እየጎተትኩ ስቆጥር ትዝ አለኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ከመቶ ወንድ ስንቱ፣ ከመቶ ሴት ስንቷ ሥራ ላይ እንዳሉ እንለካለን። ቤት ለቤት ሄደን ነው የምንጠይቀው። እስካሁን ግን ያገኘነውን ሰው ስለ ሁሉም እናስመልስ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። «ባለቤትዎስ?» ሲባል «እሷ ምን ሥራ አላት፣ ቤት ነው የምትውለው» ይላል፣ በዚህች አንድ ቃል ሴትየዋ ከነሥራዋ ትጠፋለች።

የምሥራች ልንገርሽ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ከእንግዲህ ሁሉም ስለ ራሱ ይመልስ፣ ሴቷም ለብቻዋ ትጠየቅ አልኩ። አለቃዬ «ብትጠየቅስ ያው የቤት እመቤት ነኝ ልትልሽ» አለ። መልስ ነበረኝ። «አልሠራም» ካለች ጠያቂው እዚያ አያቆምም። እጇ ላይ ያለውን ያያል፤ የምትሰፋው፣ የምትፈትለው፣ የምትጋግረው ካለ «ይኼ ለማን ነው?» ይላታል። ለቤቷ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ሥራ አይባልም። ለገበያ ከሆነ ሥራ ነው። ያው ክር፣ ያው ጣት፤ ልዩነቱ ለማን እንደሆነ ብቻ። ያቺን ጥያቄ ስጽፍ አንቺን ነበር ያሰብኩት፣ እትዬ። መመሪያው ላይ ታትማ ወጥታለች።

አሁን ደግሞ መናገር የሌለብኝን ልናገር። የእናንተ ሰፈር ለጥናቱ በተጣለው ዕጣ ወጥቷል። ቤታችሁ ራሱ ይመረጥ አይመረጥ ገና አይታወቅም። ከተመረጠ ግን እውነቱን ተናገሪ። መልስሽ በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው፣ ስምሽን ማንም አያየውም። ከልጅሽ ጋር ወጥተሽ የራስሽን በር የምትቆልፊበት ቀን እስኪደርስ፣ ቢያንስ እኛ ዘንድ እንደምትሠራ ሴት ተቆጠሪ።

ታናሽሽ

ጥቅምት 26

ለጣት አይበቃሽ፣

በራችን ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፈው ሄዱ። እሱ ሲገባ አየው። «ማነው የጻፈው?» አለኝ። «የመንግሥት ሰዎች መሰሉኝ፣ ቤት እየዘረዘሩ» አልኩ። እርጥብ ጨርቅ አስመጥቶ አጠፋው። በማግስቱ መጥተው እንደገና ጻፉት። በሰፈሩ ሁሉ በር ላይ አለ፤ እሱ ግን የእኛን ብቻ ነው የሚያየው። ከዚያ ወዲህ ማታ ሲገባ መጀመሪያ በሩን ያያል፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ ቀጥሎ እኔን።

ምስጢሬ በሕግ የተጠበቀ ነው አልሽኝ። እናንተ ዘንድ ይሆናላ። እዚህ የሚጠብቀኝ አንድ ግድግዳ ነው፣ እሱም ስስ ነው።

እህቴ፣ እውነቱን መናገርም መዋሸትም አልፈልግም። መጠየቁን ራሱ ነው የማልፈልገው። አንቺ እዚያ ትልቅ ቦታ ነሽ። የእኛን ቁጥር ማስወጣት ትችያለሽ? አንድ ቤት ቢጎድል አገር አይጎድልም።

እሱ በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኦዲተር። ንብረት ቆጠራ ሲደርስ እህል አይወርድለትም፣ ሸሚዙን ሁለቴ ያስተኩሰኛል። እኔ ደግሞ ያኔ እንደ እሱ የምሆነው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ነው። እባክሽ መልሺልኝ።

እህትሽ

ኅዳር 6

ውድ እትዬ፣

መልሱን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ብታውቂ ዘገየሽ ብለሽ ባልወቀስሽኝ ነበር።

አይሆንም፣ እትዬ። ቤታችሁ ተመርጧል፤ እኔ አውቄ ላስወጣው አልችልም። ሥራዬን ፈርቼ ብቻ አይደለም። የፈራ ቤት ሁሉ ይውጣ ካልን የማይፈሩት ብቻ ይቀራሉ፣ ያኔ የምናወጣው ቁጥር የማን ነው? ይኼን ስጽፍ ለአለቃዬ የማስረዳ እንጂ ለእህቴ የምጽፍ አልመሰለኝም፣ ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ። ለእናንተ ሰፈር ሴት ጠያቂ እንድትመደብ አስተባባሪውን ለምኜ እሺ አሰኝቻለሁ። ሴት ለሴት ስትሆኑ እሱም ደንታ አይሰጠውም። ወሬ የምታወሩ ነው የሚመስለው። እጅሽን አሁንም ያምሻል? ዐምና ደረጃ ላይ ወደቅሁ ያልሽኝን እጅሽን ማለቴ ነው። ሳልጠይቅሽ ቀርቼ እንጂ ቤታችሁ ደረጃ እንደሌለው አውቃለሁ።

አይዞሽ። አንድ ጥያቄ ነው፣ ያልፋል።

ታናሽሽ

ኅዳር 19

ለጣት አይበቃሽ፣

ትንሿ ደህና ናት። ጥርሷም መብቀል ጀምሯል።

ሴት ትመጣለች ነበር ያልሽኝ። የመጣው ወንድ ነው። ሴቷ ታማ ነው አሉ። አንቺን አልወቅስም፣ በሽታ ቀን አይመርጥም።

እሱ ቤት ነበር። እንግዳውን አስቀመጠ፣ ስለ ራሱ የተጠየቀውን በደንብ መለሰ። ከዚያ ጠያቂው «ባለቤትዎን ለብቻቸው ነው የማነጋግራቸው፣ መመሪያው ነው» አለው። እሱም ፈገግ አለ። «እኔ የማልሰማው ምን አላት?» አለና ተነሥቶ ወጣ፣ ቀስ ብሎ። ጫማውን በጆሮዬ ተከተልኩት። ወደ ደጅ አልሄደም። መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቆመ።

ጠያቂው ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። «ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሠርተዋል?» አለኝ። «አልሠራሁም፣ የቤት እመቤት ነኝ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ መስኮቱ እንዲሰማ። ተገላገልኩ ብዬ ትንፋሼን ሳወጣ ልጁ እጄን አየ። ሹራቡ ጭኔ ላይ ነበር፤ እንግዳ ሲገባ ባነሣው ያስጠረጥራል ብዬ ትቼዋለሁ።

«ይኼ ለማን ነው?» አለኝ።

ጥያቄሽን አወቅኋት። ያንቺ ድምፅ ያለባት መሰለኝ። «ለልጄ» አልኩ። ጻፈና አመስግኖ ወጣ።

እሱ ገባ። ሹራቡን ከጭኔ ላይ አነሣ። ትንሿን ጠርቶ አቆማትና ደረቷ ላይ ዘረጋው። እጅጌው ጉልበቷን አልፎ ወረደ። ለትልቅ ተማሪ የታዘዘ ነበር፣ ቀለሙም የእሷ ትምህርት ቤት አይደለም። «ልጃችን ቶሎ ልታድግ ነው» አለ። አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ እራቱን በላ። አልተቆጣም። አልጮኸም። የፈራሁት ያንን ነው፣ እህቴ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ጽሑፌ ከተጣመመ ብዕሩ ነው።

እህትሽ

ኅዳር 27

እትዬ፣

ብዕሩ አይደለም። እኔን አትዋሺኝ፣ ጽሑፍሽን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። አንቺ ፈርተሽ ነገርሽኝ፣ እኔ መመሪያ አነበብኩልሽ። «ለብቻዋ» ብዬ ስጽፍ፣ ከበሩ ውጭ የሚቆመው ሰው ምን እንደሚያስብ አልጻፍኩም። አላሰብኩትምና። በጥናት ክፍል ውስጥ ሁሉም በር ይዘጋል፣ ሁሉም መስኮት ከሰው ራቅ ያለ ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ውጪ። ያጠራቀምሽው አይበቃም ብለሽ ከሆነ ይበቃል፣ ለጎደለው እኔ አለሁ። ትንሿን ትምህርት ቤት እንደምታደርሺ ሆነሽ ይዘሻት ውጪና አውቶቡስ ተራ ሂጂ። ወደ እኔ ነይ። እስክትወጪ ድረስ ደግሞ፣ ለምን ሹራቡን ለባለሱቋ እንደምትሠሪው አትነግሪውም? ቢቆጣ ስለ ክር ነው የሚቆጣው።

ይህን በጠዋት በባለሱቋ በኩል እልካለሁ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን አጣጥፈሽ ላኪልኝ፣ ከእጅሽ መውጣቱን ልወቅ።

ታናሽሽ

ታኅሣሥ 8

ለክብርት እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ባለቤቴም እጅግ ደህና ናቸው፤ ሰላምታቸውን ያቀርባሉ። ልጃችንም ደህና ናት፣ ለጥቂት ጊዜ ከትምህርት ቤት ቤት እንድትውል አድርገናል።

ስለ ሹራቡ ለጻፍሽው፣ እኔ ለማንም ሹራብ አልሠራም። መርፌዎቹንም ጥያለሁ። ባለሱቋ ዘንድ መሄድም አቁሜያለሁ፤ ሴትየዋ ለባለትዳር የምትሆን ሰው አይደለችም። የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ከእሷ የተቀበሉት ባለቤቴ ናቸው። በእሷ በኩል ከማን ጋር እንደምገናኝ የምታውቂው ነገር ካለ ለባለቤቴ በግልጽ ጻፊላቸው። እህትነትሽ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አውቶቡስ ተራ የምሄድበት ጉዳይ የለኝም። እኔ ሥራ የለኝም፣ ሥራም አልፈልግም። ከእንግዲህ በባለቤቴ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ጻፊ፤ ቁጥሩ ከጀርባ አለ።

አክባሪ እህትሽ

ታኅሣሥ 14

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? በእትዬ እጅ የተጻፈው ደብዳቤ ደርሶኛል። ቤተ ሰቡ ደህና መሆኑን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ባለፈው በችኮላ የጻፍኩትን ነገር እንደ ልጅነት ይዩልኝ፤ ስለ ሌላ ሰው የማውቀው ነገር የለም፣ ቢኖር ከእርስዎ አልደብቅም ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ ግን በሥራ ጉዳይ ነው። ጠያቂው ከወሰዳቸው ቤቶች ጥቂቶቹ ለዳግም ማጣሪያ ተመርጠዋል፣ የእርስዎም አንዱ ነው። ማጣሪያውን የሚያደርገው የእናንተ ከተማ ቅርንጫፍ አይደለም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፣ እኔም አብሬያቸው አለሁ። በመጪው ወር በሁለተኛው ሰኞ ጠዋት እትዬ በአካባቢው አስተዳደር አዳራሽ በአካል መቅረብ አለባት። የልጆች ዕድሜ ስለሚረጋገጥ ትንሿም አብራት ትምጣ።

ጋሼ፣ የእርስዎን ነገር ስለማስብ ልንገርዎ። አንድ ሰው ሳይቀርብ የቀረ እንደሆነ ነገሩ ለአባወራው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይገለጻል፣ እነሱም በራሳቸው መንገድ ያጣራሉ። በሰውነቷ ላይ ጉዳት ከታየ ደግሞ የሥራ ላይ አደጋ ነው ተብሎ ይመዘገባል፤ የት ደረሰ፣ ማን አደረሰው እየተባለ ጥያቄው መቼም አያልቅም። ሥራዎ ንብረት መያዝ ነውና ቁጥጥር ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርዎትም።

መጠይቁ ለብቻ ነው፣ መመሪያው ስለሆነ። ለእርስዎ በሩ ላይ ወንበር አዘጋጃለሁ።

ለትንሿ «አክስትሽ ጣት አይበቃሽ ስማሻለች» ይበሉልኝ።

ታናሽ እህትዎ

ጥር 21

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለቢሮው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ያን ሰኞ ከአዳራሹ ወስዶ የት እንዳወረዳችሁ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ እንዳይነግረኝ አስምዬዋለሁ። ሊነግረኝ አፉ ላይ በደረሰ ቁጥር ጆሮዬን በሁለት እጄ እደፍናለሁ፣ እሱም «እናንተ እህትማማቾች ምን ነካችሁ» ይላል።

በእሱ አፍ አንድ ጥያቄ ልከሽልኛል፣ «ታወቀብሽ ወይ?» የሚል። ታውቆብኛል። ተቆጣጣሪዎቹ እውነተኛ ነበሩ፣ ማጣሪያውም እውነተኛ ነበር፤ የእናንተን ቤት እዚያ ውስጥ የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። በዕጣ የወጣውን ቤት አውጪልኝ ስትይኝ አይሆንም ብዬ፣ ለማጣሪያው ዕጣ ያልወጣለትን አስገባሁ። ከዚያ ደግሞ የአዳራሹ የኋላ በር ለምን ተከፈተ፣ መኪናው አለመስመሩ ለምን ሄደ ተባለ። አለቃዬ «ምን ልበል፣ ንገሪኝ» አለኝ። የእናንተን መጠይቅ ሁለቱንም ከጥናቱ አወጣኋቸው፣ የተበላሹ ናቸውና፤ ያን ብቻ ነገርኩት። አሁን ጉዳዬ እስኪጣራ ታግጃለሁ። ባለፉት ሰባት ቀናት አንድም ሰዓት አልሠራሁም፤ ሥራ ግን እፈልጋለሁ። በእኛ አቆጣጠር ሥራ አጥ ማለት እኔ ነኝ። እኔ እንኳ ቢያንስ «ሥራ አልፈልግም» ብዬ እንድጽፍ የሚቆምብኝ ሰው የለም።

ያን የታኅሣሥ ደብዳቤሽን ስከፍት ጣት አይበቃሽ የሚል አጣሁበት። ገና ስሙ ላይ ነው እሱ እንዳጻፈሽ ያወቅሁት።

የሚያስፈራሽን አልደብቅሽም። ባልሽ እዚህ መጥቷል። የታገድኩ ዕለት ዕቃዬን ይዤ ስወጣ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ እንደ ሁሌው ጨዋ። በእጁ ሹራቡን ይዟል፤ ያልጨረስሽውን፣ አንድ እጅጌ የቀረውን።

«እህትሽ የት ናት?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነት ስለሆነ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«እሺ፣ ይኼ ለማን ነበር?»

ከዚህ በቀር ሌላ አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቤቴ መታጠፊያ ላይ አየሁት። ሰላም አለኝ እንጂ አልተጠጋኝም። ማታ ማታ መብራት ሳላበራ እቀመጣለሁ። አንቺ ይኼን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነበር የምትኖሪው?

እኔ ጋ እንድትመጪ እፈልግ ነበር። አሁን አትምጪ። ንገሪኝ ብቻ፣ ለምን ያኔ ለገበያ ነው ብለሽ አልነገርሽውም?

ታናሽሽ

የካቲት 30

ለጣት አይበቃሽ፣

ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ሾፌር ለትንሿ ከረሜላ ይዞ መጣ። ደግ ሰው ነው። ዳግመኛ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ፣ መኪና ዱካ አለው።

ነግሬው ነበር። ሹራቡን ትንሿ ላይ የለካ ዕለት፣ «ለባለሱቋ ነው፣ ለሽያጭ፣ እየሠራሁ ነው» አልኩት። ሳቀ። «አንቺ? ሥራ?» አለኝ። ከዚያ «የወንዱን ስም ንገሪኝ» አለ። ወንድ የለም ብዬ ብምል ብገዘት አልሰማኝም። ዓይኑ ሥር የሠራሁት ሁሉ፣ ለእሱ ሥራ ከመሆን ለሌላ ሰው መሆን ቀለለው። አንቺም ልትነግሪው እንዳትሞክሪ፣ ትንፋሽሽን ነው የምትጨርሺው።

የደረጃውንም ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ደረጃ የለንም። በቃ፣ ጻፍኩት።

ያን ለእሱ የላክሽውን ደብዳቤ እያነበበ አስረዳኝ እኮ! «መንግሥት ያውቅሻል፣ ቀርበሽ በትክክል መልሺ» እያለ። ትንሿ ትምጣ የሚለው ላይ ሲደርስ ልታወጪን እንደሆነ ገባኝ። ስምሽን ሲያነብ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ ፊቴን እንዳያየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዚያች ሰኞ ጣቱን አላሳረፈብኝም። የሥራ ላይ አደጋ! ከየት አመጣሽው? በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያች ያለች ቃል የለችም። ባለሱቋ ድርሻዬን ሳታጎድል አዳራሹ ጓሮ ጠብቃ አቀበለችኝ። ሱቋን ዘግታ ከከተማው ወጥታለች።

አሁን ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ሹራብ በማሽን እንሠራለን። የምናድርባት ክፍል አንድ በር አላት፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ግን አልዋሽሽም፣ ፍርሃቱ ከእኔ ጋር መጥቷል። የኮቴ ድምፅ ከሰማሁ ቆሜ ነው የማሳልፈው። ትንሿ እንኳ እርሳስ ሲወድቅ መጀመሪያ እኔን ታያለች።

ትናንት በር ተንኳኳ። እኔና እሷ አልጋው ጀርባ ገባን። ደግሞ ተንኳኳ። «ከስታቲስቲክስ ነው፣ ለሥራ ጥናት» አለች አንዲት ሴት። ብዙ ቆይቼ በጠባቡ ከፈትኩ። ብቻዋን ናት። ወጣት ናት፣ መመሪያሽን ታቅፋ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሠርተዋል?» አለችኝ።

መስኮቱን አየሁ። ሥሩ ማንም የለም። ቢሆንም መልሱ ቶሎ አልወጣልኝም። ጠያቂዋም አላጣደፈችኝም፣ እግዜር ይስጣት። «አዎ፣ ሠርቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ መሰለኝ፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት፣ የማን ነው አለችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ከዚያ አልጋው ላይ የነበረውን ሹራብ አየች። ትንሽ ነው፣ ቀይ፣ ከሥራ ከተረፈ ክር ማታ ማታ በእጄ የምሠራው። «ይኼስ ለማን ነው?» አለች።

«ለልጄ» አልኩ።

ትንሿ ላይ ለካሁት፣ ልክክ አለ። ጠያቂዋም ሳቀችና «ይኼ እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ሥራ አይባልም» ብላ አለፈችው። እኔም ሳቅሁ፣ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነብኝና ጠያቂዋ ደነገጠች።

በመጨረሻ ስሜን ጠየቀችኝ። ይኼን ግን አልሰጠኋትም። ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው አለችኝ፣ ልክ እንዳንቺ። «የእኔ ልጅ፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን ይለፈኝ» አልኳት። ባዶውን ተወችው።

አድራሻ አልጻፍኩልሽም፣ ይህም የመጨረሻዬ ነው። ነገም በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅሽ «አላውቅም» የምትይው እውነት ሆኖ ይቆይ። ወደ ሥራሽ መልሰውሽ ከመቶ ሴት ስንቷ ትሠራለች የሚለውን ስትቆጥሪ፣ ከሴቶቹ መሐል ስም የሌላት አንዲት ብታገኚ አትፈልጊያት። ጣትሽን ብቻ አንድ እጠፊልኝ።

እህትሽ